በአርክቲክ የበረዶ ግግር ላይ የተደረጉ የተማሪዎች የቅየሳ ጉዞዎች፦ ታሪካቸውና ለትምህርት ያላቸው ፋይዳ

መግቢያ

ተማሪ ከመጽሐፍ የሚቀበለው ዕውቀትና በገዛ እጁ ለክቶ የሚደርስበት ዕውቀት አንድ አለመሆናቸውን የማይቀበል መምህር የለም። ይሁን እንጂ ይህ ስምምነት ብዙ ጊዜ ከንግግር አያልፍም። የመስክ ሥራ በሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች ውስጥ በክብር ይጠቀሳል፤ የጊዜ ሰሌዳና በጀት በሚደለደልበት ሰዓት ግን በቅድሚያ የሚሰረዘው እርሱ ነው። ለዚህም የሚቀርበው ምክንያት የታወቀ ነው። ተማሪዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሰበስቡት ልኬት ለሳይንስ የሚያበረክተው ነገር የለም፤ በመሆኑም የመስክ ጉዞ ከሽርሽር ብዙም አይለይም ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት በአንድ የታሪክ ምሳሌ መመርመር ነው። ምሳሌው የተወሰደው ከአገራችን እጅግ ከሚርቀው ከአርክቲክ፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ካለው ቀዝቃዛ ክልል ነው። ወደ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ወደዚያ ክልልና ወደ አዋሳኞቹ እየተጓዙ ካርታ ሲያነሡና የበረዶ ግግር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ሲለኩ ቆይተዋል። ምሳሌው የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥራው በመሠረቱ ችካል፣ የማዕዘን መለኪያና የመስክ መዝገብ ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛ፣ ግግር የሚጓዘው ዓይን ሊከተለው በማይችል ዝግታ ስለሆነ ወደ ችካሉ ተመልሶ የሚለካ ከሌለ የመጀመሪያው ልኬት ዋጋ አይኖረውም። ጸሐፊው ከዚህ ታሪክ ጎልቶ ይወጣል ብሎ የሚያምነው ቁም ነገርም ይኸው ነው። የተማሪዎች ልኬት ለሳይንስ የጠቀመው ጉዞው ረጅም ወይም ጀግንነት የተሞላበት ስለነበረ አይደለም። ተከታዩ ትውልድ ተመልሶ ሊለካ የሚችልበት መዝገብ በቀረበት ቦታ ሁሉ ጠቅሟል፤ መዝገብ ባልቀረበት ቦታ ሁሉ ከንቱ ቀርቷል።

በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጋ ሲባልም የሰሜኑን ክፍለ ዓለም በጋ፣ ማለትም የሐምሌንና የነሐሴን አካባቢ ማለት ነው።

1. የበረዶ ግግር ጠባይ

የበረዶ ግግር ከዓመት ወደ ዓመት ሳይቀልጥ የተደራረበ በረዶ በገዛ ክብደቱ ተጨቁኖ ከጠጠረ በኋላ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መንቀሳቀስ የጀመረ ግዙፍ አካል ነው። እንቅስቃሴው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የበረዶው የውስጥ አካል በጫና ምክንያት ቀስ በቀስ ቅርጹን እየለወጠ የሚፈስበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ መላው ግግር ከሥሩ ባለው ዐለት ወይም ደለል ላይ የሚንሸራተትበት ነው። በበጋ የቀለጠ ውሃ በስንጥቆች ሰርጎ ወደ ግግሩ ሥር ሲደርስ መንሸራተቱን ያቀልለታል፤ ስለዚህ የብዙ ግግሮች ፍጥነት ከወቅት ወደ ወቅት ይለያያል።

እዚህ ላይ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊለዩላቸው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። የግግር እንቅስቃሴና የግግር ጫፍ ማፈግፈግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የግግሩ ጫፍ ባለፈው ዓመት ከነበረበት ወደ ኋላ ርቆ ሲገኝ በረዶው ወደ ተራራው ተመለሰ ማለት አይደለም። በረዶው ምንጊዜም ወደ ታች ይጓዛል፤ ጫፉ የሚያፈገፍገው ከላይ የሚመጣው በረዶ ከታች ቀልጦ ወይም ተገምሶ ከሚጠፋው ያነሰ ሲሆን ነው። እንግዲህ እየተጓዘ የሚያፈገፍግ ነገር መኖሩን ተማሪ በቃል ሲነገረው ይደናገራል፤ ችካሎቹን ራሱ ተክሎ ሲለካ ግን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል።

2. የልኬቱ አጀማመር

ግግርን በችካል የመለካት ልማድ የተወለደው በአርክቲክ ሳይሆን በስዊዘርላንድ በአልፕስ ተራሮች ነው። በ1827 ፍራንዝ ዮሴፍ ሁጊ የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ መምህርና የተፈጥሮ ተመራማሪ በኡንተራር ግግር ላይ አንዲት ጎጆ ሠሩ። ጎጆዋ በግግሩ ጀርባ ላይ ተጭና ወደ ታች ትጓዝ ጀመር። በ1841 በተለካች ጊዜ ከተሠራችበት ቦታ ከ1,400 ሜትር በላይ ርቃ ተገኘች። ይህም በአማካይ በዓመት 100 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ሁጊ ጎጆዋን የሠሩበትን ቦታ ባይመዘግቡ ኖሮ ይህ ቁጥር ሊገኝ ባልቻለ ነበር።

በዚያው ግግር ላይ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የኒውሻቴል መምህር የነበሩት ሉዊ አጋሲዝ ከወጣት ረዳቶቻቸው ጋር በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ሰፍረው በግግሩ ወርድ ላይ ችካሎችን በመስመር ተከሉ። በተከታዩ ዓመት ሲመለሱ ቀጥ ብሎ የተተከለው መስመር እንደ ቀስት ጎብጦ አገኙት፤ የመካከሉ በረዶ ከዳርና ከዳሩ ይልቅ ፈጥኖ መጓዙ ተረጋገጠ። በ1842 ደግሞ የኤዲንብራው መምህር ጄምስ ፎርብስ በፈረንሳይ አልፕስ በሚገኘው በሜር ደ ግላስ ግግር ላይ ቴዎዶላይት፣ ማለትም ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ ተክለው እንቅስቃሴው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ እንደሚካሄድ አሳዩ። በአርክቲክ የተሰማሩት ተማሪዎች ከሰማንያና ከዘጠና ዓመት በኋላ የሠሩበት ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነበር።

3. ወደ ሰሜን የተደረጉት የዩኒቨርሲቲ ጉዞዎች

ተማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሳበው የአርክቲክ ምድር ስቫልባርድ የተባለው የደሴቶች ስብስብ ነው። ስቫልባርድ ከኖርዌይ በስተሰሜን በዋልታው አቅራቢያ የሚገኝ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ገጽታው በግግር የተሸፈነ ነው። ያም ሆኖ ከደቡብ የሚመጣው የሞቀ የባሕር ሞገድ ምዕራባዊ ጠረፉን በበጋ ከበረዶ ነፃ ስለሚያደርገው በመርከብ መድረስ አያስቸግርም። የዩኒቨርሲቲዎች ዕረፍት ከዚሁ ወቅት ጋር መግጠሙ ለተማሪዎች ምቹ ሆነ።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1921፣ በ1923ና በ1924 ወደዚያ ጉዞዎችን ላከ። የ1921ዱን ጉዞ ካዘጋጁት አንዱ ጁሊያን ሃክስሊ ነበሩ። የእነዚህ ጉዞዎች ዓላማ የተደባለቀ ነበር፤ ገና ካርታ ያልተነሣለት ምድር ስለነበረ ቅየሳ፣ የድንጋይ ጥናት፣ የአእዋፍና የዕፅዋት ጥናት በአንድነት ይካሄዱ ነበር። በሦስቱም ጉዞዎች የተካፈሉት ቻርልስ ኤልተን ከዚያ ካገኙት ልምድ ተነሥተው በ1927 ስለ እንስሳትና አካባቢያቸው ግንኙነት የጻፉት መጽሐፍ የዘርፉ መሠረት ለመሆን በቅቷል። በ1923 ስፒትስበርገንን በእግርና በበረዶ ጋሪ ካቋረጡት ወጣቶች መካከል ደግሞ አንድሩ ኧርቪን ይገኙ ነበር። እኚህ ተማሪ በተከታዩ ዓመት በኤቨረስት ተራራ ጫፍ አቅራቢያ ከጆርጅ ማሎሪ ጋር ጠፍተው በመቅረታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ከአንድ ጉዞ የወጡት የሁለቱ ወጣቶች ዝና በዓይነቱ መለያየቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንባቢው ሕዝብ የሚያስታውሰው የኧርቪንን ዕጣ ነው፤ መምህራንና ተመራማሪዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት ግን የኤልተንን መዝገብ ነው።

የካምብሪጅ ተማሪዎችም ወደ ኋላ አላሉም። ጄምስ ዎርዲ በ1926ና በ1929 ተማሪዎችን እየመሩ ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ተጓዙ። ጂኖ ዋትኪንስ በ1927 ገና የ20 ዓመት ተማሪ ሳሉ የራሳቸውን ቡድን አደራጅተው በስቫልባርድ የሚገኘውን የኤጅ ደሴት ቀየሱ። የአገሪቱን የትምህርት ታሪክ ስንመለከት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘብ መለመኑን፣ መርከብ መከራየቱን፣ ስንቅ ማስላቱንና ውጤቱን ጽፎ ማቅረቡን ሁሉ ወጣቶቹ ራሳቸው ይሠሩት ነበርና። በአንጻሩም የእነዚያ ዓመታት ጉዞዎች ጉድለት መነሣት ይኖርበታል። ጉዞዎቹ በአመዛኙ ለወንዶችና አቅም ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የተከለሉ ነበሩ።

ዋናው የግግር ጥናት የመጣው በ1930ዎቹ ነው። የስቶክሆልሙ መምህር ሃንስ አልማን በ1934 ከኖርዌያዊው ሃራልድ ስቬርድሩፕ ጋር በስቫልባርድ አንድ ግግር በዓመት የሚያገኘውንና የሚያጣውን በረዶ በዝርዝር መዘኑ። ከ1935 እስከ 1936 ደግሞ በአሌክሳንደር ግሌን የተመራው የኦክስፎርድ ቡድን ኖርድአውስትላንዴት በተባለው የስቫልባርድ ደሴት ከረመ። ወጣቶቹ በበረዶው ቆብ ውስጥ ዋሻ ፈልፍለው ጣቢያ በመሥራት ፀሐይ በማትወጣበት ረጅም ሌሊት የበረዶውንና የአየሩን ጠባይ ይከታተሉ ነበር።

በዚሁ ዘመን ሥራው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወረደ። የባሕር ኃይል ሐኪም የነበሩት ጆርጅ መሪ ሌቪክ ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ በዘመቱ ጊዜ በ1912 ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር በበረዶ ዋሻ ውስጥ ከርመው በሕይወት የተረፉ ሰው ናቸው። እርሳቸው በ1932 የትምህርት ቤቶች የአሰሳ ማኅበር መሥርተው የመጀመሪያውን ቡድን ወደ ፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል መሩ። ማኅበሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወጣቶችን ወደ አይስላንድ፣ ወደ ሰሜን ኖርዌይና ወደ ስቫልባርድ ሲወስድ ኖሯል።

4. ሁለት ግግሮች ያስተማሩት

በዚሁ በ1930ዎቹ አጋማሽ ላይ በስቫልባርድ የተከሠቱ ሁለት ነገሮች የአንድ በጋ ልኬት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አሳዩ። ከ1935 እስከ 1936 ባለው ጊዜ ኔግሪብሬን የተባለው ግግር በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ጫፉን ወደ 12 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር ገፋ። ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ ደግሞ በዚያው የኦክስፎርድ ቡድን በከረመበት ደሴት ላይ የሚገኘው ብሮስቬልብሬን የተባለው ግግር እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገሠገሠ።

የእነዚህ ግግሮች ጠባይ እንደሚከተለው ነው። ለአሥርተ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ እጅግ በዝግታ ይጓዛሉ። በዚህ ጊዜ በላይኛው ክፍላቸው በረዶ እየተከማቸ ይሄዳል፤ ከዚያም በሥራቸው ያለው ሁኔታ በድንገት ተለውጦ ለጥቂት ዓመታት በከፍተኛ ፍጥነት ይገሠግሣሉ፤ በኋላም ተመልሰው ያንቀላፋሉ። ኔግሪብሬን ከሰማንያ ዓመት ያህል ዝምታ በኋላ በ2016 እንደገና ተነሥቷል።

አንድ የተማሪዎች ቡድን እንዲህ ያለውን ግግር በዝምታው ዘመን ለስድስት ሳምንት ለክቶ ቢመለስ ልኬቱ ትክክል ይሆናል፤ ከልኬቱ የሚወጣው ድምዳሜ ግን ስሕተት ይሆናል። ያንኑ ልኬት ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ቡድን አግኝቶ ከራሱ ጋር ሲያስተያየው ግን የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍል ይሆናል። የመጀመሪያው ቡድን ይህን ማየት አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው መዝገቡን ለማያውቀው ሰው በሚገባ መንገድ ትቶ ማለፍ ብቻ ነው።

5. የልኬቱ አሠራርና የስሕተቱ ምንጭ

መምህራን የሥራውን ጠባይ እንዲረዱት አሠራሩን ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ በግግሩ ወርድ ላይ የችካሎች መስመር ይተክላሉ። የበረዶው ገጽ በበጋ ስለሚቀልጥ ችካሉ በመሰርሰሪያ በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ካልገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። ከዚያም በግግሩ ዳር ካለው የማይንቀሳቀስ ዐለት ላይ ሁለት ቋሚ ነጥቦች ተመርጠው በቀለም ወይም በድንጋይ ካብ ይታወቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የመሠረት መስመር ይባላል፤ እርሱም በጥንቃቄ ይለካል። ቴዎዶላይቱ ተራ በተራ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ቆሞ ወደ እያንዳንዱ ችካል የሚያመለክተው ማዕዘን ይነበባል። አንድ ጎንና ሁለት ማዕዘን የታወቀለት ሦስት ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ስለሚታወቅ የችካሉ ቦታ በሒሳብ ይገኛል። ሥራው ከቀናት ወይም ከዓመት በኋላ ሲደገም የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት በመካከላቸው ላለው ጊዜ ሲካፈል ፍጥነቱ ይወጣል።

ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ሥራ በሜዳ ላይ ብዙ እንቅፋት ይገጥመዋል። መሣሪያው በበረዶ ላይ ከቆመ እግሮቹ እየቀለጠ ባለው በረዶ ውስጥ ይሰምጣሉ። ጭጋግ ለቀናት ችካሎቹን ሊሰውር ይችላል። በረዶ ላይ ያለው የቀዘቀዘ አየርና ከበላዩ ያለው የሞቀ አየር ብርሃንን ያጎብጣሉ። ቀለም በቅዝቃዜ ስለሚረጋና በእርጥበት ስለሚለቅ መዝገቡ በእርሳስ ይጻፋል። ጠፍቶ የተጻፈ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው በጎኑ ይጻፋል። በበጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ በማንኛውም ሰዓት መሥራት ይቻላል፤ በዚያው ልክ ድካም ሳይታወቅ ይጠራቀምና ንባብ ያሳስታል።

ስለ ስሕተት የሚሰጠው ትምህርት በምሳሌ ሲቀርብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ችካል በ10 ቀን 30 ሳንቲ ሜትር ተጓዘ እንበል። የእያንዳንዱ ልኬት ስሕተት እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ሁለቱ ቢደራረቡ ጠቅላላው ስሕተት 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ እውነተኛው ጉዞ ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ካለው የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ ትንሹና ትልቁ ግምት በእጥፍ ይለያያሉ። ያው ችካል በዚያው ፍጥነት ዓመት ሙሉ ቢጓዝ ወደ 11 ሜትር ይሄዳል፤ ስሕተቱ ግን ያው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። እንግዲህ መሣሪያ ሳይለወጥ፣ ገንዘብ ሳይጨመር፣ በተከታዩ ዓመት በመመለስ ብቻ ልኬቱ ብዙ እጥፍ ይታረማል። ከዚህም ሌላ የበጋውን ፍጥነት በ365 አባዝቶ የዓመት ፍጥነት ብሎ ማቅረብ፣ ቀደም ብሎ እንደተገለጸው፣ የቀለጠው ውሃ ያመጣውን የወቅት ልዩነት መርሳት ይሆናል።

6. ከአንድ በጋ ጉዞ ወደ ረጅም መዝገብ

ከጦርነቱ በኋላ የካምብሪጁ መምህር ቮን ሉዊስ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ኖርዌይ ተራሮች መመላለስ ጀመሩ። ቦታው ከአርክቲክ ክበብ በስተደቡብ ቢሆንም አሠራሩ ለሰሜኑ ጥናት አርአያ ሆኗል። በ1951ና በ1952 ቬስል ስካውትብሬን በተባለ ትንሽ ግግር ውስጥ እስከ ኋላው ዐለት የሚደርስ ዋሻ ተፈልፍሎ የበረዶው እንቅስቃሴ ከውስጥ ተለካ፤ ውጤቱም በ1960 በመጽሐፍ ታትሟል። በሥራው ከተካፈሉትና ምዕራፍ ከጻፉት መካከል አንዷ ጂን ግሮቭ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1988 ባለፉት ብዙ መቶ ዓመታት ስለ ነበረው የግግሮች መስፋፋትና መኮማተር ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያው በካምብሪጅ ጆን ግሌን፣ ከላይ ከተጠቀሱት አሌክሳንደር ግሌን የተለዩ ሰው ናቸው፣ በ1950ዎቹ በቤተ ሙከራ በረዶን እየጫኑ ጫናው እጥፍ ሲሆን የበረዶው ቅርጽ የሚለወጥበት ፍጥነት ወደ ስምንት እጥፍ እንደሚያድግ አገኙ። የቤተ ሙከራው ሕግ በሜዳ እውነት ስለመሆኑ ሊመሰክር የሚችለው ግን በግግር ላይ የተተከለ ችካል ነበር።

የመዝገብን ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ የሚገኘው ስቶርግላሲያረን ነው። ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1946 የአልማን ተማሪ የነበሩት ቫልተር ሺት በዚህ ግግር ላይ ልኬት ጀመሩ። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ በታርፋላ ጣቢያ አቋቁሞ ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት ቀጠለ። በዓለም ካሉት ዝርዝር የግግር ሚዛን መዝገቦች ሳይቋረጥ ረጅም ዘመን የዘለቀው የዚህ ትንሽ ግግር መዝገብ ነው። በጣቢያው የሠለጠነው ተማሪ አንዱን ችካል ለሁለት ጉዳይ ይጠቀምበታል፤ ከበረዶው በላይ የወጣው ቁመቱ ምን ያህል እንደቀለጠ ይነግረዋል፤ የቆመበት ቦታ ደግሞ ምን ያህል እንደተጓዘ ይነግረዋል። በአካባቢው የሚገኘው የኬብነካይሰ ተራራ ደቡባዊ ጫፍ በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን የስዊድን ከፍተኛ ቦታ ተብሎ በመጻሕፍት ሁሉ ይታወቅ ነበር። በ2019 የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በለኩት ጊዜ ከዐለታማው ሰሜናዊ ጫፍ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የአንድ አገር የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሊታረም የበቃው በየዓመቱ እየተመለሰ የሚለካ ስለነበረ ነው።

ለትምህርት ቤቶቻችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ከአርክቲክ ክበብ ጥቂት ዝቅ ብላ ከምትገኘው ከአይስላንድ የሚመጣ ነው። በዚያች አገር የግግር ጫፎችን የመለካት ሥራ በ1930 በዮን ኤይቶርሶን ተጀምሮ ገበሬዎችን ጨምሮ በበጎ ፈቃደኞች ሲካሄድ ቆይቷል። በደቡብ አይስላንድ በህቮልስቮሉር የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከ2010 አንሥቶ በየዓመቱ በመስከረም ወይም በጥቅምት አካባቢ ተማሪዎቹን ወደ ሶልሄይማዮኩል ግግር እየወሰደ ጫፉ ምን ያህል እንዳፈገፈገ ያስለካል። በየዓመቱ የሚሄዱት ልጆች አዲስ ናቸው፤ መነሻው ነጥብ ግን ያው ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ጫፉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ያፈገፈገ ሲሆን፣ ቀድሞ በረዶ በነበረበት ቦታ ጥልቅ ሐይቅ ተፈጥሯል። በዚህም ምክንያት ልኬቱን ለማካሄድ ጀልባ ማስፈለግ ጀምሯል። እነዚህ ልጆች የሚሠሩት ከሌቪክ ወጣቶች ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ተከታታይ መዝገብ ሆኗል።

7. ስለ ደኅንነት

ታሪኩን ስናወድስ ያስከፈለውን ዋጋ ማለፍ አይገባም። በ2011 በኦገስት 5 ቀን ሌቪክ የመሠረቱት ማኅበር የላከው ቡድን በስቫልባርድ በፎን ፖስት ግግር አጠገብ ሰፍሮ ሳለ የዋልታ ድብ ወደ ድንኳኖቹ ገብቶ አንድ ተማሪ ገደለ፤ አራት ሰዎችንም አቆሰለ። በሰፈሩ ዙሪያ የተዘረጋው የማስጠንቀቂያ ሽቦ በሰዓቱ አልሠራም ነበር። በ1993 በስቫልባርድ የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተማሪዎቹን ወደ መስክ ከማሰማራቱ በፊት የደኅንነት ሥልጠና እንዲወስዱ ያደርጋል። ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ለመስክ ሥራ የሚያዘው በጀት ከመጓጓዣና ከስንቅ ጋር የጥበቃን፣ የመሣሪያ ፍተሻንና የአስተማሪ ሥልጠናን ወጪ ካልያዘ ጉዞው ባይደረግ ይሻላል።

8. ሳተላይት ባለበት ዘመን

ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው ሳተላይት በ1972 ከመጠቀ ወዲህ፣ በተለይም በ2014 ሴንቲኔል 1 የተባለው የራዳር ሳተላይት ከተላከ በኋላ፣ የብዙ ግግሮች ፍጥነት ከሰማይ ሆኖ ይለካል። ታዲያ የተማሪ ችካል ከእንግዲህ ምን ይሠራል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ፣ የሳተላይቱ ንባብ ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በምድር ላይ ከተለካ ነገር ጋር ተመሳክሮ ነው፤ ሳተላይቶች ከመምጠቃቸው በፊት ስለ ነበረው ዘመን ደግሞ ሳተላይት ምንም ሊነግረን አይችልም፤ የሚነግረን የድሮው መዝገብ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም 2025ን ዓለም አቀፍ የግግር በረዶ ጥበቃ ዓመት ብሎ ሰይሟል። ይህን ለውጥ ከቀድሞው ጋር ለማስተያየት የቀድሞው ቁጥር መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህልም ሊታመን እንደሚገባው ራሱ ለክቶ ያላየ ተማሪ የሌሎችን ቁጥር ወይ በጭፍን ይቀበላል ወይ በጭፍን ይክዳል።

መደምደሚያ

በአገራችን ዛሬ የበረዶ ግግር የለም። በባሌና በስሜን ተራሮች ላይ ጥንታዊ ግግር ጠርጎ ያከማቸው የድንጋይ ክምር መኖሩ ግን በጥናት ታውቋል፤ የጂኦግራፊ መምህራን ይህን ለትምህርታቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን ግግሩ ሳይሆን ዘዴው ነው። በዝግታ የሚለወጥ ነገር በየትምህርት ቤቱ አጠገብ አለ። የቦረቦር አፍ በየክረምቱ ወደ እርሻው ይገፋል፤ የወንዝ ዳር ይናዳል፤ የሐይቅ ጠርዝ ይሸሻል፤ የምንጭ ውሃ ይቀንሳል። ለእነዚህ ሁሉ ችካል፣ ገመድና ደብተር ይበቃሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታየው ችግር የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የጀመረው መምህር ሲዛወር ደብተሩ አብሮት መሄዱ ወይም በዕቃ ቤት መጣሉ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የመስክ ሥራ ሲታቀድ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ዓመታት መመለሻ ቀን አብሮ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የመስክ መዝገብ የመምህሩ ወይም የተማሪው የግል ንብረት ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ በቤተ መጻሕፍት ይመዝገብ፤ የመነሻው ነጥብ የት እንደሆነም ቦታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ሊያገኘው በሚችል ንድፍ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች እጩ መምህራን ከቀደሙት የተረከቡትን አንድ ልኬት ደግመው ለክተው፣ ልዩነቱንና የስሕተቱን መጠን አስልተው፣ ለተከታዮቻቸው እንዲያስረክቡ ይደረግ። በኡንተራር ላይ የተሠራችው ጎጆ ዕውቀት ልትሰጥ የቻለችው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ቦታዋን የሚጠይቅ ሰው በመኖሩ ነው። ዛሬ በአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት የሚተከለው ችካልም በ2040 የሚጠይቀው ተማሪ እንዲኖረው ዝግጅቱ መደረግ ያለበት አሁን ነው።